የስፌት መኪናዬ ቀላ ያለች ቅጠል

ትናንት ከሰዓት አናጢ ቤቴ መጣ። የላከችው የልጅ ልጄ ናት... የጥንቱን የስፌት መኪናዬን ሳጥን ላሳድስልሽ ብላ። አሁንም እኔ ሳወራ የምትጽፈው እሷው ናት፤ እኔ ከፊደል ጋር እምብዛም አልተዋወቅኩም።

ሰውዬው ሳጥኑ ፊት ላይ የተቀረጸውን ጽጌረዳ እየዳበሰ፣ «እማማ፣ ይቺ አንዷ ቅጠል ቀላ ትላለች፣ ከሌሎቹ ጋር አትሄድም። ነቅዬ ሌላ ልግጠምልዎት?» አይለኝም!

«እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። ደነገጠ የኔ ጌታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ናዝሬት፣ ጸሎት ቤታችን ታሽጓል። የልጆቹ አባት ሰብስበህ ስታስጸልይ ተገኘህ ተብሎ ታስሮ ተፈቷል፤ «ሁለተኛ ብናገኝህ አትወጣም» ብለውታል። እኛ መች አርፈን! መጽሐፍ ቅዱሱን የምደብቀው እኔ ነኝ። የት? መኪናው ሆድ ውስጥ። የሳጥኑ የስር ጣውላ ግማሹ ወልቋል፤ በቀረችው ግማሽ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስሰፋ ቀሚሴ ይከልለዋል።

አንድ ቀን ፍተሻ መጣ። ፍራሹ ተገለበጠ፣ የዱቄት ዕቃ ሳይቀር ተበረበረ። እኔ መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ... ምን እንደምሰፋ ግን አላውቅም። በኋላ ሳየው የአንድ ሱሪ ሁለት እግር አንድ ላይ ሰፍቻለሁ።

ከፈታሾቹ አንዱ፣ ረጅም አብዮት ጠባቂ፣ ዞር ሲል የጠመንጃው ሰደፍ ጽጌረዳዋን ገጫት። አበባዋ ተላቃ ወደቀች፣ አንዷ ቅጠል ድቅቅ አለች። ሰውዬው አለቃው እየጠራው ቆሞ አያት። ከዚያ ሄዱ።

መጽሐፉን እዚያው ተውኩት። የተፈተሸ ቤት ነገ አይፈተሽም ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ያ ረጅሙ! ብቻውን ነው፤ በአረንጓዴ የአንገት ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«አከም ቡልቴ፣ እንደምን አደርሽ እህቴ» አለኝ።

«አበባዋን ልሠራት ነው የመጣሁት። ደራ ከተማ፣ አጎቴ ዘንድ እንጨት ስቀርጽ ነው ያደግኩት። እንቅልፍ ነሳችኝ።»

«ኧረ ተዋት ወንድሜ! ያለ አበባም ይሰፋል።»

«እኔ ሰበርኩ፣ እኔ እሠራለሁ።»

«ጓድ፣ ሥራ እንዳላስፈታህ...»

«ዛሬ ተረኛ አይደለሁም።»

ምን ይባላል! የአንገት ልብሱን ሲፈታው መዶሻ፣ መሮ፣ ኮላ... አንዲት ቅጠልም ከቀይ እንጨት ቀርጾ መጥቷል። «ኮላው እስኪይዝ አበባዋ ወደ ላይ ትሁን» አለና፣ ያንን ከባድ ሳጥን ብድግ አድርጎ በጀርባው አስተኛው።

ከውስጥ... ዷ!

«ምንድነው እሱ?»

«መለዋወጫ ነው!» አልኩ። ድምፄ የጫጩት ሆነ።

አየኝ። «ኮላው ደርቋል፤ ውሃ አፍልተሽ አምጪልኝ» አለኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ጣድኩ። ያን ቀን ውሃው እስኪፈላ ጌታን አሰልችቼዋለሁ። ባሌን ይዘውት ሲሄዱ እየታየኝ ነው። በዚህ መሃል ከሳሎን የመዶሻ ድምፅ...

ስመለስ በር ላይ ተጥሎ የነበረውን የሳሙና ሳጥን ጣውላ ቆርጦ፣ የመኪናዬን ሆድ ድፍን አድርጎ ቸንክሮታል!

«ስሩ ክፍት ነበር፤ አቧራ ይገባል» አለኝ፣ ቀና ሳይል። አበባዋን ለጠፈ፣ ቅጠሏን ገጠመ፣ የጫማ ቀለም ቀባባት። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ መዶሻና መሮውን በእጁ ይዞ ወጣ።

የልጆቹ አባት ሲመጣ «አይቶታል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ዛሬ መጡ ነገ መጡ ስንል የመጣ የለም። ቆይቶ ሌሎች ፈታሾች መጡ፤ እነሱማ መኪናውን ገለበጡት። ድፍን ጣውላ አይተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ማን ይንካው! በቃላችን የምናውቃትን እያልን ከረምን።

ደርግ ሲወድቅ ባሌ ጣውላውን ፈነቀለው። መጽሐፉ እዚያው አለ... በአረንጓዴ የአንገት ልብስ ተጠቅልሎ።

መሣሪያውን ያለ መጠቅለያ በእጁ ይዞ መውጣቱ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

እና አናጢውን ምን አልኩት? «ማመሳሰል ካማረህ፣ ሌሎቹን ከእሷ ጋር አመሳስላቸው።»