ዘር ቆጠራ ከፏፏቴው ሥር

ናሁሰናይ ከሽንዲ ቁልቁል፣ ቆላው ወንዝ ላይ በታንኳ ሰው የሚያሻግር ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አላምንም። ልጄን አምለሰትን ብሎ ሽማግሌ ሲልክብኝ ገና ከመነሻው ደስ አላለኝም።

እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠርና አንድ ሰው ላይ ከተገናኘ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የእኛን እኔው እቆጥራለሁ። የአንተን ማን ይቆጥራል ብዬ ናሁሰናይን ብጠይቀው፣ “ከፏፏቴው ሥር የመነኑት የአያቴ ወንድም፣ አባ ገብረ ኢየሱስ ናቸው” አለኝ። ጉድ እኮ ነው! አገር ሙሉ ሰው እያለ ምስክሩ ጫካ ውስጥ? ማንም ሄዶ እንዳያጣራ ነው አልሁ በሆዴ። ሚስቴ ካሰች ኧረ ተው፣ ሰው እንዲህ አይጠረጠርም ብትለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። እንግዲያው ራሴ እሄዳለሁና ውሰደኝ አልሁት።

ታንኳው ላይ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልሁም። ወደ ዳር ሲጠጋ ምን አስቦ ነው እላለሁ፤ ለካ ድንጋይ እየሸሸ ኖሯል። ከታንኳው ወርደን በእግር ስንገባ ጫካው ሰማይ አያሳይም። እሱ ከፊት ከፊት ሐረግ ይቆርጥልኛል፣ እኔ ገጀራውን አያለሁ። ፏፏቴው መሰማት ሲጀምር ፊቱ ጠቆረ። ይኸው ውሸቱ ሊወጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ ዋሻቸው አስገቡኝ። ናሁሰናይ ውጭ ቀረ፤ ይህንንም ጠረጠርሁ። አባ የልጁን ዘር አንድ በአንድ እየጠሩ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ፣ የጠሩት ሰው የገዛ ቅድመ አያቴ ሆነ።

“ዘመዳሞች ናችሁ” አሉኝ። “ለልጁም ነግሬዋለሁ። ሽማግሌ የላከ ሰሞን መጥቶ ጠይቆኝ ነበር።”

ክው አልሁ። እንዲቀር የፈለግሁት ጋብቻ ይኸው ቀረ፤ ግን ደስ አላለኝም። ወጥቼ፣ እያወቅህ ለምን ይህን ሁሉ መንገድ አመጣኸኝ አልሁት።

ናሁሰናይ መሬት መሬት እያየ፣ “እኔ ብነግርዎ፣ አያ ዘሩ፣ ልጄን አዋርዶ ሊሸሽ ሰበብ ፈጠረ ይሉ ነበር” አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እንዲያ ነበር የምለው። ስንመለስ ታንኳውን እየቀዘፈ አለቀሰ፤ አልደበቀኝም። አንጀቴን በላው። ልጄን ልሰጠው የወደድሁት ያን ጊዜ፣ ልሰጠው እንደማልችል ካወቅሁ በኋላ ነው። ወንዙ ዳር ስንለያይ፣ እኔ ዓይኗን አይቼ መናገር አልችልም፣ እርስዎ ይንገሩልኝ ብሎ ለመነኝ።

አምለሰት ደጅ ቆማ ስትጠብቅ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኋት፤ የአባን ቃል፣ የቅድመ አያቴን ስም፣ የልጁን ልቅሶ ሳይቀር። እስክጨርስ ሰማችኝ።

“ድሮም አልወደዱትም አባባ” አለችኝ፤ “ከራስዎ ፈጥረው ነው።”