ከበሩ አጠገብ ያለችው ቦታ

አንድ ተራ ቀን ጋሽ አድማሱን ሃያ ስድስት ቃል ያስወጣቸዋል። አንድ ማክሰኞ ቆጥረውታል። በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ የሰው መኪና እየተቀበሉ ፓርክ ያደርጋሉ። «ሃይ»፣ «ቁልፍ»፣ «ቴንኪው»፣ በቃ። ቤታቸው ሲገቡ የሚጨመር የለም።

ሐሙስ ግን ይለያል። ሐሙስ ከሥራ መልስ ፒኮ ጎዳና ላይ ወዳለ የኬንዶ አዳራሽ ይሄዳሉ። ኬንዶ የጃፓኖች የሰይፍ ፍልሚያ ነው፤ መለማመጃ ሰይፉ ግን የቀርከሃ ዱላ ነው። ያመጣቻቸው ዶርቃ ናት፣ መኪናዋን እሳቸው ጋ የምታቆም ነርስ። «ጋሼ፣ እዚያ ዕድሜ አይጠየቅም፤ ጉልበትዎ ይታጠፍ እንጂ!» ብላ።

ሥርዓቱ አልከበዳቸውም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ይደረደራል፣ ሲገቡ ጎንበስ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል? ሰልፉ በዕድሜ ሳይሆን በደረጃ ነው። አንጋፋዎቹ ከላይ፣ አዲስ ገቢ ከበሩ አጠገብ። ዶርቃ ከሳቸው አንድ ከፍ ብላ ትቆማለች።

«በስድሳ ዓመቴ ጭራ ሆንኩ!»

«ያ የበር ንፋስ እኔን አምስት ወር መትቶኛል፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው።»

ያን ቀን ቃል አልቆጠሩም።

በአራተኛው ሐሙስ መምህሩ፣ ሴንሴ ነው የሚሏቸው፣ ረጅም ማብራሪያ ያዙ። የጋሽ አድማሱ ወገብ ደከመ። ቅዳሴ ላይ እንደለመዱት ዱላውን መሬት ላይ ተክለው፣ እንደ መቋሚያ ብብታቸው ሥር አስገብተው ተደገፉት። ሴንሴ ወሬያቸውን አቋርጠው መጡ፤ ዱላውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ይህ ሰይፍ ነው፤ አይደገፉትም» አሉና መልሰው ሰጧቸው።

ይኸው ነው። ጋሽ አድማሱ ግን የተባረሩ መሰላቸው። ሁለት ሐሙስ ቀሩ። ሃያ ስድስቱ ቃል ሃያ ሁለት ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ዶርቃ ቁልፏን ጨብጣ ከመኪናዋ ወረደች።

«ጋሼ፣ የት ጠፉ?»

«አሳፈርኩሽ እኮ ልጄ። ሰይፋቸውን ከዘራ አደረግሁት።»

«ኦኬ፣ እና? እኔ መጀመሪያ ቀን መሬት ላይ የተቀመጠ ሰይፍ ተራምጄ አልፌያለሁ፤ ያ ይብሳል! ደግሞ ቦታዎ ላይ ማንም አልቆመም። ሴንሴ ራሳቸው ‹ክፍት ይሁን› ብለዋል።»

ክፍት ይሁን። ጋሽ አድማሱ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲያመላልሱ ዋሉ። ሥራ ቦታ አንድ ቀን ቢቀሩ በነጋታው ሌላ ሰው ቆሞ ያገኙታል። ሲቀሩ ባዶ ሆኖ የሚጠብቃቸው ቦታ የት ኖሯቸው ያውቃል?

ሐሙስ ተመለሱ። ጎንበስ አሉ፣ ዱላውን በግራ እጃቸው ይዘው ቦታቸው ገቡ። ዶርቃ ግን የደረጃ ፈተና አልፋ፣ ሁለት ሰው ተሻግራ ወደ ላይ ወጥታለች። በአንድ ጎናቸው ስማቸውን መጥራት የሚያቅተው ሰው አለ፤ በሌላው በሩና ንፋሱ።

ጋሽ አድማሱ ይህን ለሚያነብ ሁሉ አንድ ልመና አላቸው፦ «ሐሙስ በፒኮ ካለፋችሁ ጎራ በሉ። ጫማችሁን አውልቁ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሩ። ከኔ በታች፣ በበሩ በኩል ያለችው ቦታ ባዶ ናት፤ እባካችሁ አንዳችሁ ቁሙባት። ዱላውን እንዳትደገፉት፣ አያያዙን እኔ አሳያችኋለሁ።»