ያልመጣው የቀረጻ ፈቃድ

ካሜራ ይዞ ጋምቤላ የሚገባ የውጭ አገር ሰው ዞሮ ዞሮ ረታ ዘንድ ይደርስ ነበር። ረታ ከጎሬ መጥቶ ለብዙ ዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረ፣ ኋላ ማስተማሩን ትቶ ፈቃድ በማስጨረስ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። የእንግዶቹ ቪዛ ለቀረጻ የተሰጠ መሆኑን ያያል፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል፣ ማኅተም ያስመታል፣ መኪናና አስተርጓሚ ያገናኛል። ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ "መምህር!" እያሉ ይነሱለታል። እሱም ይህን ይወድ ነበር። ረታ ከያዘው ነገር ያልቃል መባሉን ከምንም በላይ ይወድ ነበር።

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት ዳይሬክተርና የካሜራ ባለሙያዋ ስለ ባሮ ወንዝ ፊልም ሊሠሩ መጡ። የከተማውና የወንዙ ፈቃድ ተሟላ። ዳይሬክተሯ ኢታንግ አካባቢ ካለ አንድ የስደተኞች ካምፕ ገብታ ድንበር ተሻግረው የመጡ እናቶችንም መቅረጽ ፈለገች። ለካምፑ የተሰጣቸው ግን የጉብኝት ፈቃድ ብቻ ነበር። የቀረጻው አልመጣም፣ ቪዛቸው ደግሞ ሊያልቅ ነው።

"ካልሆነ ይቅር፤ ወንዙ ይበቃናል" አለችው ዳይሬክተሯ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። ረታን ግን አልሆነም ማለት ከበደው። "ደውዬ ጨርሻለሁ" አላት። ለማንም አልደወለም።

በማግስቱ ካምፑ ውስጥ የተቀበለቻቸው ኛሙት ነበረች። ኛሙት ከደቡብ ሱዳን የመጣች ስደተኛ ናት፤ በካምፑ ክሊኒክ ለሐኪሞች ታስተረጉማለች። በልጅነቷም ኢታንግ ተሰድዳ ተምራ ስለነበር አማርኛዋ የጠራ ነው። ከረታ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ካሜራው ከቦርሳ ሲወጣ አይታ ወደ ጎን ጠራችው።

"መምህር፣ ፈቃዱ ለዚህም ነው? እነዚህ ሴቶች እኔን አምነው ነው የሚናገሩት።"

"አዎ፣ ሁሉም አልቋል" አላት።

ሁለተኛዋ እናት ተናግራ ሳትጨርስ የካምፑ ጥበቃዎች ደረሱ። አራቱንም ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ወሰዷቸው። አስተዳዳሪው ያዕቆብ ይባላል፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"መቅረጽ ተፈቅዷል ያለው ማነው?" ሲል ጠየቀ።

ረታ እውነቱን ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር። በዚያች ቅጽበት የታየው ግን ቢሮዎቹ ሁሉ በሩን ሲዘጉበት፣ ስሙ ሲነሳ ሰው ሲስቅበት ነው።

"ኛሙት ናት" አለ። "ከአስተዳደሩ ጋር ጨርሻለሁ ስላለችን ነው የመጣነው።"

ኛሙት ዞር ብላ አየችው። አማርኛ የማታውቀው ዳይሬክተር ወደ እሷ ጠጋ ብላ "ምን አለ?" ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ኛሙትም "ስሕተት ተፈጥሯል ነው የሚለው" ብላ ተረጎመችላት።

ረታ ፊቱ ጋለ። ሰድባው ቢሆን ይሻለው ነበር።

የተቀረጸው ተደመሰሰ፤ እንግዶቹም ቪዛቸው ሳያልፍ አገራቸው ገቡ። ኛሙት ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች። ረታ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር ካለው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለአበዛሽ "ቀረጻው አልተሳካም" ብቻ አላት።

አበዛሽ በከተማው ሆስፒታል ነርስ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች፣ "ያቺ የካምፑ አስተርጓሚ፣ ኛሙት፣ ታግዳለች አሉ" አለችው። "ዛሬ ከዚያ የተላከች ነፍሰ ጡር የት እንዳመማት ማስረዳት አቅቷት ስታለቅስ ነበር። እንደዚያ ያለች ሴት ምን አጥፍታ ይሆን?"

ረታ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። "ምንም አላጠፋችም" አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። አበዛሽ አልጮኸችም፤ ምግቡን አነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። ከጓዳ ሆና "እና እዚህ ምን ታደርጋለህ?" አለችው።

ጠዋት ወደ ኢታንግ በሚሄደው የመጀመሪያ መኪና ተሳፈረ። ያዕቆብ ቢሮ ገብቶ ቆሞ ተናገረ፤ ፈቃድ እንዳልነበረ፣ እንዳልደወለ፣ ኛሙትን እንደዋሻትና እንደዋሸባት። ያዕቆብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"በእሷ ፊት ነው የከሰስካት። ክሱን የምታነሳውም በእሷ ፊት ነው።"

ኛሙት ተጠርታ መጣች። ረታ ዕድሜ ልኩን ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሞ ድምፁ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ እዚያ ግን ተንቀጠቀጠ። ዐይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ደግሞ ተናገረው። ሲጨርስ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት።

"ይቅር ብያለሁ" አለችው። "ቤቴ ግን አትምጣ። ልጆቼ ያደረግኸውን ያውቃሉ፤ ሰላም በሉት ልላቸው አልችልም።"

ኛሙት ወደ ክሊኒኳ ተመለሰች። ረታ ከእንግዲህ የቀረጻ ቡድን ይዞ እንዳይገባ ለየቢሮው ተነገረ። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ያስተምራል። ወደ ማስተማሩ ለምን እንደተመለሰ የሚጠይቁት አሉ። መጀመሪያ ላይ "ሰለቸኝ" ይል ነበር። አንድ ጊዜ አበዛሽ አጠገቡ ሆና ይህን ሲል ሰማችውና ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወዲህ "ዋሽቼ ሰው አሳግጄ ነው" ይላል፤ ይህን ባለ ቁጥርም ጆሮው ድረስ ይግላል። አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ይስቃል፤ ረታ ግን አብሮ አይስቅም።