ልጄን ከላንጋኖ ለመመለስ

ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ሰው ሁሉ አንድ ምክር ይዞ ይመጣብኝ ጀመር። «እስቲ ወጣ በይና ነፋስ ተቀበይ።» የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ የእድር ሴቶች፣ የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ ይህንኑ ይሉኛል። አሰላ ላይ ግን ነፋስ ለመቀበል መውጣት አያስፈልግም። ከጭላሎ የሚወርደው በር ሳይከፈትለት ቤት ይገባል። የጣሪያችንን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ጥሎታል። እኔን የጎደለኝ ነፋስ አልነበረም። የጎደለችኝ ልጄ ነበረች።

ያለችን እሷ ብቻ ናት። አባቷ ሲሞት ሐዋሳ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነበር። እሷ ግን ትምህርቱን ካቋረጠች ወራት አልፈዋል። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ከአንድ የውጭ አገር ሰው ዘንድ ተቀጥራ፣ በነፋስ በሚጎተት ጨርቅ ውሃ ላይ መንሸራተት ተምራ፣ ሌላውን ታስተምር ነበር። ባለቤቴ ቅዳሜ ማታ ራሱን ሳተ፤ እሁድ ቀትር ላይ አረፈ። እንዳረፈ ደወልኩላት፤ አታነሳም። መልሼ መልሼ ደወልኩ። የደረሰችው ያኑ ዕለት አመሻሽ፣ ከቀብር በኋላ ነው። ከየት እንደምትመጣ ለአክስቷ በስልክ ነግራት ኖሮ ወሬው ቀድሟት ድንኳን ገብቷል። ፊቷ በፀሐይ ተልጦ፣ ፀጉሯ በሐይቅ ውሃ ደርቆ ስትገባ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ውሃ ስትጫወቺ አባትሽን ቀበርነው» አልኳት።

ማንም ዝም በይ አላለኝም። እስከ ሠልስት ተቀመጠች፤ በማግስቱ ሄደች። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ደጃችንን አልረገጠችም።

መዝገብ ቤት ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ነበረኝ፤ ጠየቅሁና ተፈቀደልኝ። በኦጎልቾ በኩል ወርጄ፣ ባቱ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ በባጃጅ አቧራ ለብሼ ሐይቁ ዳር ደረስኩ። ልጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገመድ ትጠቀልላለች። ጠቁራለች። ትከሻዋ እንደ አባቷ ሰፍቷል።

«እማዬ» አለችና ተነሳች። አልሳመችኝም፤ እጇ እርጥብ ስለሆነ ይሆናል።

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አልኳት፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤትሽ ነዋ።»

ዞር ብላ ውሃውን አየችው። «ያን ቀን ጨዋታ ያልሽውን እስቲ አንቺም ሞክሪው። ከመሐል ሐይቁ ተነስተሽ፣ ማንም ሳይነካሽ፣ በራስሽ ዳር ከደረስሽ ሻንጣዬን ይዤ እከተልሻለሁ። ቃሌ ነው።»

እንድመለስ ብላ የተናገረችው ይመስለኛል። እኔ የሃምሳ ሦስት ዓመት የደጋ ሴት ነኝ፤ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። እሺ ስላት ደነገጠች።

ካይት የሚሉት ጨርቅ የአንድ ክፍል ወለል ያለብሳል። ጠርዙ እንደ ጎማ በአየር ይነፋል። በአራት ረጃጅም ገመዶች ከአጭር ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ ዘንጉ ደግሞ ወገብ ላይ ከሚታሰር ሰፊ መታጠቂያ ጋር። ነፋሱ ጨርቁን ይጎትታል፣ ጨርቁ ሰውየውን። የቻለ ሰው እግሩን ሰሌዳ ላይ አስሮ ውሃውን እየሰነጠቀ ይበራል። እኔን ሰሌዳው ላይ ቁሚ አላለችኝም። በደረቴ ውሃው ላይ ተጎትቼ ዳር መድረስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዳሩ ድንጋያማ ስለሆነ የምንማረው በጀልባ እየወጣን፣ እግር መሬት በማይነካበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ቀን የላስቲክ ልብስ ሰጠችኝ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ያላወለቅሁትን ከል አውልቄ እሱን ለበስኩ።

«ጥሩ ነው» አለች አየት አድርጋኝ፤ «ሐዘንሽ አልተቋረጠም።»

ባለ ጀልባው አንገቱን ሰብሮ ሳቀ። ሰባ ዓመት የሚሆነው የሐይቁ ዳር ሰው ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ ያወራል። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

በአራተኛው ቀን ካይቱን ብቻዬን አስያዘችኝ። ላይፍ ጃኬቱ አንገቴ ሥር ይዞኝ እንሳፈፋለሁ፤ እሷ ጀልባው ላይ ቆማ ትጮሃለች። «አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አቁሚው!»

አስራ ሁለት ሰዓት የት እንደሆነ አውቃለሁ። ፀሐይ የምትገባው በአስራ ሁለት ሰዓት ነው። ከማዶ ካለው ኮረብታ ጀርባ፣ ነፋሱም ወደዚያው ይነፍስ ነበር። ዘንጉን ወደዚያ አዞርኩት። ጨርቁ እያፏጨ ተወረወረና እኔን በግንባሬ ውሃው ውስጥ ይዞኝ ነጎደ። በአፍንጫዬ የገባው ውሃ ሶዳ ሶዳ ይላል። ጀልባው ሲደርስብኝ ስሜን መጥራት እንኳ አልችልም።

«አስራ ሁለት አልኩሽ እኮ!»

«አስራ ሁለት ላይ ነው ያደረግሁት! ፀሐይ መግቢያ ላይ!»

ልጄ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ያስተማራት ፈረንጅ ሰማዩን በራሱ ሰዓት ከፋፍሎ ነው ያስተማራት፤ በእሱ ሰዓት አስራ ሁለት አናት ላይ ነው። ልዩነቱ በሐሳቧ መጥቶም አያውቅም።

ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። «እናትሽ ልክ ናት» አላት። «የኛ ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው በስድስት ሰዓት ነው። በአስራ ሁለት ሰዓትማ ዶሮም ይሰፍራል።»

ያን ጊዜ ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። የአባቷ ሳቅ ነው፤ ከአፍንጫ ይጀምርና ትከሻ ላይ ያልቃል። ፊቴን ወደ ሌላ በኩል አዞርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ስድስት ሰዓት ላይ! ስድስት ላይ እማዬ!» እያለች ነበር የምትጮኸው። ሌሎች ተማሪዎቿ ግራ ተጋቡ አሉ።

ሰዓቱ ተስተካከለ፤ እጄ ግን አልተስተካከለም። ስፈራ ዘንጉን ወደ ደረቴ እስበዋለሁ፤ ሲሳብ ደግሞ ካይቱ ጉልበት ይጨምራል። ልቀቂው፣ ይረግባል ትለኛለች። ይገባኛል። ጣቶቼ ግን እኔን አይሰሙም። ባለ ጀልባው «ጃባዱ፣ ልጄ፣ ጃባዱ» ይለኛል፤ በርቺ ማለቱ ነው። ለቅሶ ቤትም በዚሁ ቃል ነው የሚያጽናኑት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቼው ጠግቤዋለሁ።

በአስራ ስምንተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መሐል ሐይቅ ወሰዱኝ። «ከሥርሽ ሁለት ባሕር ዛፍ ብትቀጣጥዪ ጫፉ አይወጣም» አለኝ ባለ ጀልባው። ሊያስፈራራኝ ይሁን ሊያስቀኝ አላውቅም። ካይቱ ተነሳ፤ ጀልባው ራቀ።

ግማሽ መንገድ ድረስ በደህና ተጎተትኩ። ከዚያ ነፋሱ ድንገት ቆመ። ገመዶቹ ላሉ፤ ጨርቁ ውሃው ላይ ተኛ። እንደተማርኩት የካይቱን ጉልበት የምትቆርጠውን ቀይ መፍቻ ገፋሁና ገመዱን ዘንጉ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ። ጣትሽ እንዳይታሰር፣ ቀስ ብለሽ ብላኛለች። ጀልባው ሩቅ ቆሟል። በውላችን መሠረት አይቀርቡኝም።

እዚያ ላይ ደከመኝ። እውነቱን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት፤ ጃኬቱን ብፈታውስ ብዬ አሰብኩ። ውሃው አይበርድም። ማታ ተመልሼ የምገባበት አልጋ ታየኝ፤ ግማሹ ሁልጊዜ እንደተነጠፈ ነው። እጄ ማሰሪያው ድረስ ሄዷል። ከዚያ ልጄ ጀልባው ላይ ቆማ ስታየኝ አየኋት። የእናትነት ፍቅር ነው የመለሰኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የመለሰኝ ግን እልህ ነው። ቃሏን አስታወስኩና ልረታት ፈለግሁ።

ገመዱን ጨርሼ ካይቱ ጋ ደረስኩ፤ ሆዴን በተነፋው ጠርዝ ላይ አስተኝቼ ሁለቱን ጫፎች ያዝኩ። ነፋሱ ሲመለስ እንደ ሸራ ሞላውና እየገፋ ደንገል መሐል ወስዶ ጣለኝ። ጉልበቴ ድንጋይ ላይ ደማ። እየዳህኩ ወጣሁ። ማንም አላጨበጨበም።

ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። 

«አባዬ የሞተ ቀን እኔም እዚያው መሐል ሐይቅ ነበርኩ» አለች። «ካይቴ ወድቆ፣ ጀልባ ሳይኖር። ስልኬ ዳር ቦርሳ ውስጥ ነበር። እንዳንቺ ካይቱ ላይ ተኝቼ፣ በእጄ እየቀዘፍኩ ስወጣ አስራ ሰባት ጊዜ ደውለሻል።» ደንገል ነቅላ በጣቷ ትሰነጥቀዋለች። «እየተጫወትኩ አልነበረም፣ እማዬ።»

ያን ጊዜ አንድ የይቅርታ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉንም አውቀው ነበር፤ አፌ ውስጥ ነበር። እኔ ግን «መቼ ነው የምንነሳው?» አልኳት።

ደንገሉን ጣለችው። «ነገ» አለች።

ዘጠኝ ቀን ቤቴ ተቀመጠች። ቃሏን አላጎደለችም። ልብስ ታጥባለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን አብራኝ ታያለች። «ምን ልሥራልሽ?» ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ። የእድር ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። አንዷ «እንኳን ወደ እናትሽ ተመለስሽ፤ እሷን ጥለሽ ደግሞ ምን ውሃ ለውሃ ያንከራትትሻል» ስትላት፣ ልጄ አንገቷን ደፍታ «አዎ» አለች። ያን «አዎ» ጠላሁት። ይህንን ነበር የፈለግሁት፤ ሲመጣልኝ አላወቅሁትም።

በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ጓሮ አገኘኋት። አንሶላ አስጥታለች። ነፋሱ አንሶላውን ሲሞላው ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ትስበዋለች፣ ትንሽ ትለቅቀዋለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። የእንጀራ ሽታ የሸተተው የተራበ ሰው ይመስል ነበር ፊቷ። መምጣቴን አልሰማችም። ብዙ ቆሜ አየኋት።

«ነገ ሂጂ» አልኳት።

ደንግጣ አንሶላውን ለቀቀችው። «ምን አደረግሁ?»

«ምንም። ሂጂ ብቻ።»

«እያባረርሽኝ ነው?»

አይደለም ብላት እንደማትሄድ አውቃለሁ። እኔን እያየች፣ እያዘነችልኝ፣ እዚሁ አንሶላ እያሰጣች ትቀራለች። ሌላ መልስ ደግሞ አልተማርኩም።

«አዎ» አልኳት።

ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ልሸኛት ስነሳ «ይቅርብሽ፤ ሻንጣው ቀላል ነው» አለችኝ። ከበሩ ላይ ሳመችኝ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ። ሁለት ጊዜ ያባረርኳት ልጅ እንደሆነች አምና ነው የሄደችው። የመጀመሪያው እውነት ነበር፤ ሁለተኛው አልነበረም። ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ጎረቤቶቼ አሁንም ነፋስ ተቀበይ ይሉኛል። 

በየእሁዱ ትደውላለች። ምሳ በልተሻል ወይ፣ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ ትለኛለች። በልቻለሁ፣ ተሽሎኛል እላታለሁ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት ያን ቀን ሐይቁ ዳር ያልወጣኝን ቃል ወረቀት ላይ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ስትደውል ወረቀቱ ፊቴ ነው፣ አላነበውም። ባለፈው እሁድ «ዛሬ ውሃው ዝም ብሏል» አለችኝ። «እኛም ጋ ዝም ነው» አልኳት። ከዚያ የሚባል ነገር አለቀ። እሷም አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም። ትንፋሿ ይሰማኛል። ካርዷ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ እንደዚያው ቆየን።