የአባቴ እጅና የእኔ ፍሪሲዮን

ሰኞ ጠዋት ጓሮ ፊቴን እየታጠብኩ የሞተሬን ድምፅ ሰማሁ... እንዴ! እኔ እዚህ፣ ሞተሬ ግቢ ውስጥ። ማን ነው ያስነሳው ብዬ ሳልጨርስ ሞተሩ ጮኸ፣ እናቴ ጮኸች፣ አጥሩ ተንኮታኮተ።

ቆይ፣ ነገሩ እንዲገባችሁ ከእሁዱ ልጀምር።

እዚህ እንጅባራ ሞተር ያለን ልጆች እሁድ እሁድ ከከተማ ወጣ ብለን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንፎካከራለን። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ከቆመበት ቀድሞ የተነሳ ያሸንፋል። እኔ ደግሞ ሁሌም የምቀደመው መነሻ ላይ ነው! ጋዝ ሳበዛ የፊት ጎማው ይነሳብኛል፣ ስቀንስ ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል። ደረጀ የሚባል ጓደኛዬ «አንተ የምትነዳው ሞተር ነው በሬ?» እያለ ሲያበሽቀኝ ከረመ።

እልህ ያዘኝ። ቅዳሜ ዘይቱን አፍስሼ፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለውን ፍሪሲዮን ፈታሁት። ሸራው ጠበቅ ብሎ እንዲይዝ ከሞላዎቹ ስር ሮንዴላ፣ ያቺን ቀዳዳ ያላት ክብ ብረት፣ ጨመርኩበት። ገመዱንም ጥቂት አርግቤ፣ እጀታውን ገና ላላ ከማድረጌ የሚይዝ አደረግኩት። እሁድ ደረቴን ታንከሩ ላይ ለጥፌ፣ ጋዙን አንድ ቦታ ላይ ይዤ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ... ሦስት ጊዜ ተነሳን፣ ሦስቱንም ጊዜ ቀደምኩ! ያን ቀን ኩራቴ ለጉድ ነበር።

የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ሞተር የሚለማመዱት በእሱው ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ዳማ ፈረሳቸውን ሲጋልቡ መንገደኛ ቆሞ ነው የሚያያቸው። በቅርቡ ግን «አስፋልቱ የዳማውን ሰኮና ጨረሰው፤ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ለመውጣት እንኳ ሞተር ልልመድ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ግቢ ውስጥ አስተማርኳቸው። ያኔ ፍሪሲዮኑ ለስላሳ ነበር፤ ቀስ ብለው ይለቁታል፣ ቀስ ብሎ ይሄድላቸዋል። እውነቴን ነው፣ ጎበዝ ነበሩ!

ሰኞም እንደለመዱት ለቀቁት። ሞተሩ ዘለለ። ፈረስ ሲደነብር ልጓሙ ወደ ራስ ይሳባል አይደል? አባቴም መሪውን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሞተር ላይ ደግሞ ቀኝ እጅ ወደ ራስ ሲጠመዘዝ ጋዝ ነው የሚጨምረው! በሳቡት ቁጥር ባሰበት። አጥሩን ይዘው ወደቁ፣ የቀኝ ትከሻቸው ወለቀ።

ወጌሻ መጥቶ መለሰላቸው። ጎረቤቱም «እንኳን እግዜር አተረፈዎ» ሊል ግቢውን ሞላው። አባቴን ግን ሕመሙ አልነበረም የከበዳቸው። ለጠያቂው ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «እጄ ከዳኝ። አርጅቻለሁ።»

«ኧረ ይሄ የብረት ነገር መች ይታመናል!» ቢሏቸው፣ «ብረቱ ምን ያድርግ? እጁ የከዳው ሰው ፈረስም አይዝም» አሉ። አዘና ላለው የክርስትና ልጃቸው ላኩበት፤ መጥቶ ዳማውን ከነኮርቻው እንዲወስድ።

እኔ እዚያው ቆሜ ለጠያቂው ውሃ እቀዳለሁ። አፌን ምን እንደያዘው እንጃ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ... ፈራሁ። ሌላ ሰበብ የለኝም፣ ፈራሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የክርስትና ልጃቸው መጣ። አባቴ ኮርቻውን በደህና እጃቸው እያስተካከሉ ጫኑት፣ የዳማውን ግንባር ሳሙት። «በል አደራ፣ ልጓሙን እያጠበቅህ አፉን እንዳታቆስልብኝ» አሉት። ከዚያ ፈረሱ ሲወጣ ላለማየት ዞረው ወደ ቤት ገቡ።

ከምሳ በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የቀኝ መዳፋቸውን እያገላበጡ ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ሰው እንዲህ በአንድ ጠዋት ያረጃል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

አልቻልኩም። ሮንዴላውን፣ ገመዱን፣ የእሁዱን ፉክክር... ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስድብ ስጠብቅ ፊታቸው በራ!

«እጄ አይደለማ?»

«አይደለም አባዬ። ሳልነግርዎ ለውጬው ነው፤ ማንም ቢሆን ይወድቅ ነበር።»

«አላረጀሁማ!» ብለው ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ ቂሉም አብሬ ሳቅሁ።

ሳቃቸው መሃል ላይ ቆመ። ባዶውን ጋጥ አዩት።

«ቆይ... ጠዋት ፈረሱ ሲወጣ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«በሩን... የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።»

አባቴ ሲናደዱ አማርኛውን ትተው በአገውኛ ነው የሚያወርዱብኝ። ያን ቀን በየትኛውም አልተቆጡኝም። አዘና ሄጄ፣ ድንጋይ ተሸክሜም ቢሆን ለምኜ ላምጣው ብላቸው «ሰጥቼ አልቀማም» አሉና ገቡ። እንደሱ ከሚሉኝ በዱላ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ይሄው ወር አለፈው። ትናንት ወጌሻው መጥቶ ትከሻቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ሲያየው ቆየና «ኧረ ይሄ እጅ ገና ሃያ ዓመት ልጓም ይይዛል!» አላቸው በደስታ።

አባቴ ግን እኔን ነው ያዩኝ።

እጁስ ዳነ፤ የሚይዘውን ነው ያሳጣሁት።