ድምፅ የሌላት ጎታች

አባቴ የማይጮህ መኪና አያምኑም። በነዳጅ ሳይሆን በባትሪ የምትሄደውን ፒካፔን መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ይዤ ቤታቸው ስሄድ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና፣ «ይህቺማ ሙሽራ ትሸኝ እንጂ ጭነት አትችልም» አሉ። አኮረፍኩ። የሱቄን ሲሚንቶና ብረት የምታመላልሰው እሷ ናት፤ እሷን መናቅ እኔን መናቅ ነው።

አምና ታኅሣሥ ላይ ያለወቅቱ ደመና በጉና ተራራ በኩል ጠቆረ። የአባቴ የዓመት ስንዴ ተወቅቶ፣ ጆንያ ገብቶ፣ በኪራይ ትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኗል። ትራክተሩ ግን ናፍጣ ጨርሶ ከቤታቸው በታች ካለው ዳገት ሥር ቆሟል። በከተማውም ናፍጣ የለም። ያ ስንዴ ከራሰ ቀለብም ዘርም የለ። የደወለልኝ ጎረቤታቸው ነው፤ አባቴማ ቢሞቱ አይደውሉም።

እንደደረስኩ ተሳቢውን ከትራክተሩ ፈትተን በወፍራም ሰንሰለት ከፒካፔ ጋር አሰርነው። በእኛ አገር ጭነት ዳገት ሲወጣ ሰዎች ድንጋይ ይዘው በጎማው ጎን ይሄዳሉ። ሞተሩ ማቃሰቱን ካቆመ መኪናው ደከመ ማለት ነው፤ ያኔ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ድንጋዩን ከጎማው ሥር ይወትፋሉ። ታኮ ይሉታል። በአንዱ ጎን ታኮ የያዙት አባቴ፣ በሌላው ጎረቤታቸው ነበሩ።

ረገጥኳት። ተነቃነቀች፤ ተሳቢው ተከተለ፤ ወዲያው ጓ! ብሎ ቆመ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ደግሞ ጓ! የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈ። አንገቴን አውጥቼ፣ «አባየ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«ሞተች እኮ! ድምጿ ጠፋ!»

«ድሮስ መቼ ድምፅ አላትና! እየጎተተች ነው በድንጋይ የሚያስቆሟት!»

አባቴ ወደ ፊት መጥተው እጃቸውን ሰንሰለቱ ላይ አሳረፉ። ቀስ ብዬ ስረግጥ ሰንሰለቱ ከመዳፋቸው ሥር ተወጠረ። ፊታቸው ሲለወጥ በመስታወት አየሁ። ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ «ስማ! በሬስ ሲስብ መቼ ይጮሃል? ጆሮህን ተወው፣ ሰንሰለቱን እይ!» አሉት።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! ጢስ የለ፣ ጩኸት የለ፤ የሚሰማው የጠጠሩ መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር። ያንን ሁሉ ስንዴ አስከትላ እንደ መነኩሴ ዝም ብላ ወጣች። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እውነት ነው። ኮራሁባት። በአባቴ ግን ይበልጥ ኮራሁ፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ግትርነት፣ አንዴ ዳስሶ ሐሳብን መለወጥ ቀላል አይደለም።

የመጨረሻው ጆንያ ቤት ሲገባ ዝናቡ ወረደ። አባቴ ከደጃፉ ቆመዋል፤ ድንጋዩን አሁንም እንዳቀፉት ናቸው።

«አባየ፣ ያስቀምጡት እንጂ፣ ደረስን እኮ» አልኳቸው።

«ይቆይ» አሉ። «የማዶዋ ባልቴት እህል ሸራ ለብሶ አውድማ ላይ ነው። ነገ ጎታቿ ትመጣልሻለች ብዬ ሰው ልኬላታለሁ።»