ጫኙ የተባለው ወፍ

ልጄ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ አልመረቅሁትም። ይህን መጀመሪያ ላይ የምጽፈው፣ ወደ ኋላ ካቆየሁት ሰበብ እየደረደርኩ እንደማለዝበው ስለማውቅ ነው።

ሥራዬ ጫኝና አውራጅ ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዕቃ ሳስር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከጣሪያ ላይ የሰው ፊት አይታይም፤ የሚታየው አናት ነው። ስንቱን አናት ሸኘሁ! ድሮ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርትና ለሥራ ይሄዱ ነበር። አሁን በሀዋሳ አድርገው ወደ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ወዲያ ደግሞ እግዚአብሔር ወደሚያውቀው። ከሆመቾ፣ ከሀደሮ፣ ከየገጠሩ ይመጣሉ። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ይመርቃል፣ እኔ ሻንጣ እጠፍራለሁ። ሻንጣቸው ሁሉ ቀላል ነው። ርቆ የሚሄድ ሰው ሻንጣው እንደሚቀል ከእኔ ትከሻ በላይ የሚያውቅ የለም።

በእኛ ዘንድ ሩቅ የሚሄድ ልጅ አባቱ ፊት ይንበረከካል። አባት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይመርቃል፤ ልጅ «አሜን» ይላል። «አሜን» ያልተባለበት ምርቃት እንዳልተቋጠረ ገመድ ነው፤ ጭነቱን አይዝም። ሳይመረቅ የሄደ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ሰው አፉን ሞልቶ አይናገርም። ዝም ብሎ ያይሃል።

የልጆቼ እናት ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ የሆነችው ልጄና ታናሽ ወንድሟ። ታናሽዋ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ቤት ተቀመጠ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ዞሮ ይመጣና ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። የሚጫወተው ጨዋታ ነበር። በዓለም ላይ የሌሉ አውሬዎችና ወፎች ይሰበስባል፤ ይቀልባቸዋል፤ ያዋጋቸዋል። «የሰው ልጅ ጥጃ ያሳድጋል፤ አንተ ሥጋ የሌለው ወፍ ትቀልባለህ» እለው ነበር። አንድ ቀን ቀና ብሎ «እሄዳለሁ» አለ። «እንዳትሄድ» አልኩ።

የሚሄድበት ጠዋት መናኸሪያ መጣ። እኔ የሀዋሳው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ውረድ እስኪ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«አንድ ደቂቃ ነው። ውረድና መርቀኝ።»

«ሂድ ያለህ ማን ነው? እሱ ይመርቅህ።»

የአውቶቡሱ ረዳት ከበሩ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ምን አለበት፣ ውረድለት! ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። «አንተ በርህን ያዝ» አልኩት።

ልጄ ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ተንበረከከ። ከላይ ሆኜ አናቱን አየሁ። ፀጉሩን ገና ተላጭቶ ነበርና የልጅነቱ ጠባሳ ይታያል። የቋጠርኩትን ገመድ ፈታሁ፤ እንደገና ቋጠርኩ። እንደገና ፈታሁ። ስጨርስ መሬቱ ላይ ሁለት የጉልበት ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እንኳ አላየሁትም።

ከሞያሌ አንድ ጊዜ ለእህቱ ደወለ። «ልንሻገር ነው» አላት። ከዚያ ወር አለፈ፤ ሁለተኛው ወር ተጀመረ። የለም።

አንድ እሁድ እህቱ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌ ስልኩን ከመሳቢያ አወጣች። አዲስ ስለያዘ ትቶት የሄደ ነው። ዳታ ከፈተችና ጨዋታውን አሳየችኝ። ወፉን መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንደ ቅል የከበበ፣ ሰማያዊ ነገር ነው። አናቱ ላይ አንዲት ቀይ ላባ ቆማለች። ክንፉ ከመዳፍ አይበልጥም፤ አይበርም፤ በእግሩ ይንገዳገዳል። ጀርባው ላይ ከረጢት አለው።

ከሥሩ ስም ተጽፏል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሀደሮ ተብሎ የተጻፈበትን ጆንያ የሆመቾ መኪና ላይ ጭኜ፣ ባለ ዕቃው በሰው ፊት «አይነስውር ነው እንዴ ጫኝ ያደረጋችሁት?» ካለኝ በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ከእናቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። እስከ ዛሬ የማነበው ጆንያ እንደማነሳ ነው፤ አንድ በአንድ። አነሳሁት። ጫ። ኙ። ጫኙ።

«በእኔ ነው የሚቀልደው?»

«ቀልድ አይደለም አባዬ። ይኼ ወፍ እኮ አይዋጋም። ሌሎቹ ሲዋጉ ምግባቸውን በጀርባው ተሸክሞ የሚከተላቸው እሱ ነው። ደካማ ነው ብለው ሰዎች ይጥሉታል። እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥሎት አያውቅም።»

«ደካማ ነው አልሽ?»

«ኤጭ! የምትሰማው የፈለግኸውን ነው» አለችና ድንገት ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። «አባዬ፣ ይኼን ስልክ ነክተኸዋል?»

«ወፍ የማበላ እመስላለሁ?»

«ወፉ ጠግቧል። ካልበላ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ በልቷል። እኔ አላበላሁትም።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በአዲሱ ስልኩም ያለው ይኸው ወፍ ነው። እዚያ ሲያበላው እዚህ ይታያል። አለ! በሕይወት አለ!»

ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር ቆሜ ቆየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌው ስልክ ኪሴ ውስጥ ዋለ። ጠዋት መናኸሪያ ደርሼ ከመጫኔ በፊት ወፉን አያለሁ። ፊቱን ወደ እኔ ካዞረ ልጄ አድሯል ማለት ነው። ባልደረቦቼ ደረሱበትና መሳቂያ አደረጉኝ። «ጋሼ፣ ዛሬስ እንቁላል ጣለ?» ይላሉ። «ለፋሲካ እናርደዋለን!» ይላሉ። ይሳቁ። እነሱ ወፍ የላቸውም።

ለምን አይደውልም? ለወፍ የሚሆን ኔትወርክ ያገኘ ለአባቱ አጣ? በዚህ ሳስብ ንዴቴ ተመለሰ። የወፉን ስም መቀየር እንደሚቻል እህቱ ስትነካካ አይቼ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጬ ጫኙ የሚለውን አጠፋሁና በገዛ ጣቴ ጻፍኩ፦ ደውል። ሦስት ፊደል ናት፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። ለሰው መልእክት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነውና፣ አልዋሽም፣ ኮራሁ።

ማታ ለልጄ አሳየኋት።

«ስሙን አጥፍተህ?»

«ምን ላድርግ? ቦታው አንድ ነው።»

«አባዬ፣ አንተን እኮ ነው ያጠፋኸው። ባወጣልህ ስም ላይ ትእዛዝ ጻፍክበት።»

በማግስቱ ወፉ ጀርባውን ሰጠ። በሦስተኛው ቀን ያው ነው። ልጄ «እኔ ላብላው?» አለችኝ። «አትንኪው» አልኳት። እሷ ካበላችው የማየው የእሷን እጅ ነው። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ቀን። ክብ ሰማያዊ ጀርባ ብቻ። ተቀይሞ ይሁን ሞቶ፣ ጀርባ አይናገርም። በዚያ ሳምንት ከሞያሌ ወዲያ መኪና ተገለበጠ፣ የእኛ ልጆች ነበሩበት የሚል ወሬ መናኸሪያ ገባ።

በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት የእድራችን ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ በእግሩ ይመጣል። ግቡ አላልኳቸውም። በሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ልበስና ና» አለ ትልቁ።

«ወዴት?»

«ከታች ሰፈር ነው። በተገለበጠው መኪና የወዳጅህ ልጅ አርፏል። መርዶውን ብቻችንን ከበደን። አባቱ አንተን ይወድሃል፤ አብረኸን ግባ።» የሟቹን አባት የሥጋ ዘመዴን ያህል አውቀዋለሁ።

ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም፤ እኔ ግን ተሰምቶኛልና ጻፍኩት። የሰው ልጅ ሞቶ ደስ አለኝ። ጫማዬን እያሰርኩ የእግዚአብሔርን ስም ጠራሁ፤ ለምስጋና ይሁን ለይቅርታ አላውቅም።

አባትየው እኛን ሲያይ ሳንነግረው አወቀ። ቁጭ አለ። ብዙ ቆይቶ ቀና ሲል ያየው ከሁሉ መሃል እኔን ነው። መጥቶ ኮቴን ጨመደደ።

«ሻንጣውን የጫንክለት አንተ ነህ። እዚያ ነበርክ። አልመረቅሁትም? ንገራቸው! አልመረቅሁትም?»

«መርቀኸዋል። ከላይ ሆኜ አይቻለሁ።»

«አሜን ብሏል?»

«ብሏል።»

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሞተሩ እየጮኸ ጣሪያ ላይ «አሜን» አይሰማም። ግን ሰምቻለሁ አልኩ። እሱም ኮቴን ለቀቀና ያን ጊዜ አለቀሰ። ምርቃቱ ልጁን አላዳነለትም። እሱም ያውቃል። ቢሆንም የሚይዘው እሱን ብቻ ነበር፤ አጥብቆ ያዘው። በሬ ሲንኳኳ መርዶው የእኔ ቢሆን ኖሮ የምይዘው ምን ነበር? ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ገመድ።

ከለቅሶ ቤት ተመልሼ ልጄን ቀሰቀስኳት።

«ምርቃት መጻፍ እፈልጋለሁ። ወፉ ላይ።»

ቀልድ ትጨምርበታለች ብዬ ነበር። አልጨመረችም። «የስሙ ቦታ ከአሥር ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል» አለችኝ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በሀዲይኛ ነው፤ አባቴ እኔን የመረቀኝም በሀዲይኛ ነበር። ልጆቼ ሀዲይኛን በላቲን ፊደል ተምረዋል፤ እኔ የማውቀው ፊደል ግን የአማርኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ። መናኸሪያ ውስጥ በየቀኑ የምሰማው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» የሚለው ነው። ሞከርነው፤ አልገባም። የተጫነን ዕቃ እንደማሸጋሽግ አሸጋሸግሁ። መንገዱን የሚለውን አወረድኩት፤ መንገዱን እሱ ራሱ ያውቀዋል። የቀረውን ልጄ በጣቷ ቆጠረች።

«አሥር! ልክ አሥር!»

እኔ ጻፍኩት፤ እሷ አልነካችውም። ጨርቅ ያድርግልህ። ጀርባውን በሰጠ ወፍ ሥር ተጻፈ። እጄን የሆነ ቦታ መጫን ነበረብኝና የተሰነጠቀው መስታወት ላይ ጫንኩ። ልጄ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረችልኝ።

አንድ ቀን የለም። ሁለት፣ ሦስት ቀን የለም። በአራተኛው ቀን የስልኩ ባትሪ አልቆ ቤት ትቼው ወጣሁ። ረፋድ ላይ ያው የሀዋሳው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሆኜ ጆንያ ስደራርብ ከታች ተጠራሁ።

«አባዬ፣ ውረድ!»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኩ፤ ምላሴ ለምዶት ነው። ከዚያ አየኋት። ወደ ላይ ቀና ብላ ስለነበር ያየሁት አናቷን ሳይሆን ፊቷን ነው። የሥራ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ወረድኩ። «ጋሼ፣ ዕቃው ሳይታሰር የት ትሄዳለህ!» አለ ረዳቱ።

ወፉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ቀይዋ ላባ ቆማለች፤ ከረጢቱ ሞልቷል። ከሥሩ የእኔ ምርቃት የለም። ሌላ ተጽፏል። ልጄ ልታነብልኝ አፏን ስትከፍት በእጄ ከለከልኳት። አንድ በአንድ አነሳሁት። አ። ሜ። ን። ከዚያ ባዶ ቦታ። ው። ረ። ድ።

አሜን ውረድ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ይጠብቅ። ቁጭ ባልኩበት ጣቴን አፀዳሁና ወፉ ሥር ጻፍኩ፦ ወርጃለሁ።

እስከ ዛሬ አልደወለም። ግትር ነው፤ ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ። ትናንት በልቷል። ዛሬም በልቷል።